ስምንት ድንጋይ የሚበላ ሬዲዮ

ቅናተኛ ነኝ። አሁን ሸምግዬ ሳወራው ሰው ይስቃል፤ ያን ጊዜ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ሚስቴ ከንስሐ አባታችን ጋር እንኳ ረዘም አድርጋ ካወራች ምን እንዳወሩ ሳልጠይቅ አላድርም ነበር። እንግዲህ ቤቴ ሹፌር ሲመላለስ ምን እንደምሆን አስቡት።

አንኮበር ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ዘመኑ የደርግ ስለሆነ የምሰፋው ካኪ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ለቀበሌው ሊቀመንበር ካኪ፣ ለአብዮት ጥበቃው ካኪ፣ ለሰልፍ ለሚወጣው ሁሉ ካኪ። ማሽኔ በረንዳ ላይ ነው፤ ከደብረ ብርሃን የሚመጣውንም ወደ አልዩ አምባ የሚወርደውንም እዚያው ተቀምጬ አያለሁ። ማን በደጄ እንዳለፈ፣ ማን ቆም እንዳለ፣ ማን ወደ ውስጥ አንገቱን እንዳሰገገ አንድም አያመልጠኝም። ጉም ወርዶ መንገዱን ሲሸፍነው ያናድደኝ ነበር፤ የማላየው ሰው ያልፋላ!

ሚስቴ አንድ ታናሽ ወንድም ነበራት። እናታቸው እሱን ወልዳ ስትሞት ያሳደገችው እሷ ናት፤ ወንድሟ ከሚባል ልጇ ቢባል ይቀላል። ብሔራዊ ውትድርና ሲመጣ ከቀበሌው ከተመለመሉት አንዱ ሆነና ሄደ። ወደ ሰሜን መዝመቱን ሰማን፤ ከዚያ ወዲያ ደብዳቤ የለ፣ አየሁት የሚል ሰው የለ። የቀረን ሬዲዮው ብቻ ነበር። እሑድ እሑድ በግንባር ያሉ ወታደሮች ለቤተሰባቸው ሰላምታ የሚያስተላልፉበት ሰዓት ነበረ። አንዱ ስሙንና አገሩን ተናግሮ፣ ደህና ነኝ ብሎ፣ ለሚቀጥለው ይለቃል። ሚስቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ሬዲዮው አጠገብ ቁጭ ትላለች። የሰው ልጅ ሁሉ ይናገራል፣ የሷ ሳይናገር ሰዓቱ ያልቃል፣ ተነሥታ ወጥ ትጥዳለች። እንዲህ እንዲህ እያለች ዓመት አለፋት።

ሬዲዮው ታዲያ ትልቅ ነው፤ ስምንት የባትሪ ድንጋይ ይበላል። ድንጋይ ደግሞ በዚያን ዘመን እንደ ስኳር በቀበሌ ሱቅ ተሰልፈው የሚያገኙት፣ ለአንድ ቤት ከሁለት የማይዘል ነገር ነው። ስምንቱን አሟልተን እስክናስገባ መጀመሪያ የገዛነው ይደክማል።

በዚህ መሃል ነው አጅሬ የመጣው። በየቅዳሜው በኤንትሬ የጭነት መኪና ከደብረ ብርሃን ዕቃ አምጥቶ ባቄላና ገብስ ጭኖ የሚመለስ ሹፌር ነበር። የተቀደደ ጃኬቱን ልሰፋለት ተቀምጦ ሲጠብቅ የሚስቴን ነገር ሰማ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አሮጌ የመኪና ባትሪ በትከሻው ተሸክሞ ከች አለ። መኪና ለማስነሣት የደከመ ባትሪ ሬዲዮ ለማናገር ብዙ ጊዜ ያገለግላል አለን። ቀይና ጥቁር ሽቦ አገናኘና ሬዲዮው ጮኸ፤ ሚስቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ሲደክም እየወሰደ ደብረ ብርሃን ጋራዥ ቻርጅ አስደርጎ ሊመልስልን ቃል ገባ። ዋጋ ብንለው እጁን አወናጨፈ። ያቃጠለኝ ደግሞ እሱ ነው፤ ዋጋ ተቀብሎን ቢሆን ኖሮ ሰላም ባገኘሁ።

«እት ዓለም» ነው የሚላት። እት ዓለም እንደምን ከረምሽ፣ እት ዓለም ሽቦው እንዳይነካካ፣ እት ዓለም ምንትስ። እኔን «ጋሼ» ይለኛል። ሰውየው የሚበልጠኝ ነገር አልነበረም፤ መልኩም ያን ያህል ነው። ብቻ እሱ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፣ እኔ የስፌት ማሽን ዘይት። ናፍጣ የሚሸት ሰው ሩቅ አገር ያየ ይመስላል።

ባትሪው እንክብካቤ ይፈልጋል አላት። ይኸ እንክብካቤ ለኔ በደረሰኝ! ጫፉ ላይ ነጭ ዱቄት ሲያወጣ በጨርቅ ትጠርገዋለች። ውሃው ሲጎድል የምንጭ ውሃ ያበላሸዋል፣ ንጹሕ የዝናብ ውሃ ነው ስላላት ዝናብ ሲመጣ ብርጭቆ ይዛ ደጅ ትቆማለች። እኔ የምጠጣው ከምንጭ፣ ባትሪው የሚጠጣው ከሰማይ! ይህንን ስላት ሳቀች። ሳቋ ይበልጥ አበገነኝ፤ ከሱ ጋር ስለኔ የሚሳሳቁ መሰለኝ።

አሁን የምናገረውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አንድ ቀን የሊቀመንበሩን አዲስ ካኪ ሱሪ ባትሪው ሥር አስቀመጥኩት። ወድቆ አይደለም፣ ረስቼም አይደለም። አሲዱ ሱሪውን ጉልበቱ ላይ በሳው። ከዚያ ያዙኝ ልቀቁኝ አልኩ። ሊያሳስረን ነው፣ ነገ ደግሞ ቤቱን ያቃጥላል፣ ይህ መርዝ ከቤቴ ይውጣ፣ ሬዲዮ የተሠራው ለድንጋይ ነው፣ ድንጋይ ንጹሕ፣ ድንጋይ ቀላል! ሚስቴ ሱሪውን አየችው፣ እኔን አየችኝ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ድንጋዩ ካለቀስ?»

«እኔ እያለሁ አያልቅም» አልኳት።

ቀበሌ ስለማያዋጣ ወደ አልዩ አምባ ወረድኩ። ጨርቅ የሚያቀርብልኝ አንድ ነጋዴ ነበር፣ የድሮ ወዳጄ፤ ከቆላ የሚመጣ ዕቃ አይጠፋበትም። ስምንት ድንጋይ ስለው ለምን እንደሆነ ጠየቀኝና ራሱን ነቀነቀ። «ወላሂ አልዋሽህም፣ ይሄ ድንጋይ እዚህ ሙቀት ላይ የከረመ ነው። ለእጅ ባትሪ ይሆናል። ስምንት ለሚበላ ሬዲዮ ግን የመኪና ባትሪ ፈልግ» አለኝ። በሬ ወለደ ያለኝ ያህል ተቆጣሁ። ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርጄ እዚህም የሹፌሩ ወሬ ይቀድመኝ? ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ስምንቱን ገዛሁና ዳገቱን ወጣሁ።

ቅዳሜ ሹፌሩ ሲመጣ ደጅ ላይ ጠበቅሁት። ባትሪህን ውሰድ፣ ከእንግዲህ አንፈልግም፣ አንተም አትድከም አልኩት። ቆሞ አየኝ። አንድ ነገር ሊለኝ አፉን ከፈት አደረገና ተወው፤ «እሺ ጋሼ» ብሎ ባትሪውን ተሸክሞ ሄደ። ሚስቴ ከጓዳ አልወጣችም። እኔ ያን ቀን እየዘፈንኩ ሰፋሁ።

ሦስት እሑድ ሬዲዮው ቆንጆ ሠራ። ከዚያ ድምፁ እየሳሳ መጣ። ድንጋዮቹን አውጥቼ ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው፤ የአንኮበር ፀሐይ ደግሞ ታውቃላችሁ፣ ታየት ብላ ጉም ውስጥ ትገባለች። በጥርሴ እየነከስኩ ጎናቸውን አጎደጎድኩት፤ እንዲህ ሲደረግ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ዘራም። አራተኛው እሑድ ከመድረሱ በፊት ሌላ ልፈልግ እችል ነበር፤ ግን ወደ ነጋዴው ተመልሼ ልክ ነበርክ ልበለው?

እሑድ ሆነ። ሚስቴ በነጠላዋ ተቀመጠች፣ እኔም አጠገቧ። ሬዲዮው እንደ ትንኝ ነው የሚናገረው። አንዱ አለፈ፣ ሌላው አለፈ። ከዚያ የወንድሟ ስም። «ከአንኮበር» አለ። «ለእህቴ» አለ። ጠፋ።

ሬዲዮውን መታሁት። ክዳኑን ከፍቼ ድንጋዮቹን አወጣሁ፣ ነከስኩ፣ ቦታ ቀያየርኩ፣ መለስኩ። ሲናገር ሌላ ልጅ ነው፣ ወለጋ ላለች እናቱ። ከዚያ እሱም ጠፋ። ሚስቴ ነጠላዋን አወለቀችና አጠፈችው፣ ደግማም አጠፈችው። ብትሰድበኝ ምን ነበረበት!

ማክሰኞ በረንዳዬ ላይ ጨርቅ እየቆረጥኩ ሳለ ኤንትሬው መጥቶ ደጄ ቆመ። ማክሰኞ! ቀኑ አይደለም፣ ጭነትም የለውም። ደሜ ፈላ። መቀሱን እንደያዝኩ ተነሣሁና ምን ልትሠራ መጣህ አልኩት። ቆቡን አወለቀ። «ጋሼ፣ ልጁን ሰማችሁት?» አለኝ። ይኸን ጊዜ ሚስቴ ከውስጥ ወጣች።

እሑድ ደብረ ሲና ምሳ ቤት ተቀምጦ ነው የሰማው። ልጁ ስሙንና አንኮበርን ሲጠራ የማን እንደሆነ አወቀ። ምናልባት ድንጋዩ ደክሞባችሁ እንደሆነ ብዬ አለ፣ ሳያስቀይመኝ፣ እንዲያውም እያፈረ። ቃሉ እንዳይጠፋበት ጣርማ በርን እስኪወጣ ሲደጋግመው ነበር። የሱም ወንድም እዚያው ሰሜን እንደሆነ ያን ጊዜ ነገረን። ያን ቅዳሜ ሊለኝ አስቦ የተወው እሱን ነበር። ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ልጁ እንደተናገረው፣ እንዲህ አለ፦

«ለእህቴ። ደህና ነኝ። ጉንፋን ይዞኝ ነበር፣ ተሽሎኛል። ስለኔ ብለሽ እንዳትጾሚ። የአጥሩን ኮክ ልጆች ይብሉት፣ አትከልክያቸው። ለእህቴ ባል። ጋሼ፣ ሬዲዮውን ዝም እንደማታሰኝባት ስለማውቅ ነው ይኸን የምናገረው። እግዜር ይስጥልኝ።»

መቀሱ እጄ ላይ ነው። ወዴት እንደማደርገው ጠፋኝ። ሚስቴ ወደኔ አልዞረችም። ሹፌሩን ነው የጠየቀችው።

«ድምፁ ጎርንኗል?»

ሲሄድ ድምፁ ገና የልጅ ነበር። እሑድ የሰማችውን ሁለት ሦስት ቃል ደግሞ በዚያ በደከመ ድንጋይ ማንም ይናገረው ማን ያው ነው።

«ጎርንኗል እት ዓለም» አላት። «የሙሉ ሰው ድምፅ ነው።»

ሳቀችም አለቀሰችም። እኔ ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ እዚያም ላይ ቆሜ ቀናሁ። ያን ሁሉ ወር በሌለው ነገር ስቀናበት ነበር፤ አሁን ግን በእውነት የሚያስቀና ነገር ያዘ። የወንድሟን ድምፅ በጆሮው ይዞ ይሄዳል። እኔ ቤቴን፣ ማሽኔን፣ ዕድሜዬን ብሰጣት እሱን ልሰጣት አልችልም። ያሳጣኋትም እኔ ነኝ።

ባትሪው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሲደክም ጋራዥ የምወስደው እኔ ሆንኩ፤ በዚያው ኤንትሬ ጋቢና ከሹፌሩ ጎን፣ ባትሪውን በእግሮቼ መሃል ይዤ፣ ደብረ ብርሃን ድረስ። ውሃውን የምሞላው እኔ፣ ዝናብ ሲመጣ ብርጭቆ ይዤ ደጅ የምቆመው እኔ። ሬዲዮው አንድም እሑድ ዝም ብሎ አያውቅም። ልጁ ግን ሁለተኛ አልተናገረም። ጦርነቱ ሲያልቅ የተመለሰው ተመለሰ፤ እሱ አልተመለሰም።

ሹፌሩ በሌላ መስመር እስኪመደብ ድረስ ሚስቴ በመጣ ቁጥር በልልኝ ትለው ነበር፤ እሱም ሳይሰለች ይላታል፣ እኔም ማሽኔ ላይ አጎንብሼ እሰማለሁ። እሱ ከሄደ በኋላ ለብዙ ጊዜ ማንንም አልጠየቀችም። አንድ እሑድ፣ ሬዲዮው ሌላ ሌላውን ሲያወራ፣ ዘጋችውና «እስቲ አንተ በልልኝ» አለችኝ።

በቃሌ ነው የማውቀው። ጎኗ ተቀምጬ ጀመርኩ። ደህና ነኝ አልኩ። ጉንፋኑን አልኩ። እንዳትጾሚ አልኩ። ኮኩን አልኩና አበቃሁ።

እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጠበቀች።

«ያንተዋን ዘለልካት» አለችኝ።

አልኳት።