የእማዬ ጉርሻ ፕላኔ ላይ የለም

ዛሬ የእማዬ ጉርሻ አየር ላይ ቀረ።

አትላስ ሰፈር ያለው የክብደት መቀነሻ ክለባችን ለምሳ ምስር በግማሽ እንጀራ፣ ለመክሰስ አንድ ሙዝ ይፈቅዳል። ስለ ጉርሻ ግን ምንም አይልም። (ፕላኑን ያወጣው ሰው እናት የለውም መሰለኝ።)

ለሥራ ቃለ መጠይቅ የገዛሁት ቀሚስ በመጨረሻ ልክ ሆነልኝ። ላሳያት ለብሼው ለሚ ኩራ እማዬ ቤት ሄድኩ።

"እማ፣ በቃኝ፤ እየቀነስኩ እኮ ነው" አልኳት።

ጉርሻውን እንደያዘች፣ "አባትሽንም ሕመሙ የጀመረው 'በቃኝ' ሲል ነው። ሱሪው ሲሰፋው 'ዘነጥክ' እያልን እንስቅ ነበር" አለችኝ።

የአባዬ ሙት ዓመት ገና አልደረሰም።

አፌን ከፈትኩ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ሁለተኛውንም ጎረስኩ። እንባዋን እስክትጠርግ ድረስ እምቢ አላልኩም።

እናንተስ፣ "ከሳሽ" ብላ የምታለቅስ እናት ፊት ዳይት እንዴት ያዛችሁ?