ጠዋት ጠዋት የሚጠፋው ዲስክ

ጥሩወርቅ አያሌው ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ባለው መንገድ ላይ፣ የስልክና የኮምፒውተር መጠገኛ ሱቅ አላት። ያደገችው ይፋግ ነው። አባቷ የእህል ወፍጮ ነበራቸው፤ ወፍጮው ሲነሳ የጎረቤቱ አምፖል ሁሉ ለአፍታ ደብዘዝ ይል ነበር። ለምን እንደሆነ ስትጠይቃቸው «ሞተር ሲነሳ ይርበዋል» አሏት። መልሱ አላረካትም። ኤሌክትሪክ ልትማር የገባችው ያችን ጥያቄ ይዛ እንደሆነ ትናገራለች።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሰው መዳፍ የምታህል ቦርድ ይዞ መጥቶ ኮምፒውተሬ አልነሳ አለኝ ሲላት፣ የቀረው አካሉ የት እንዳለ ጠየቀችው። የቀረ አካል አልነበረውም። ጥፍር በምታህል ሚሞሪ ካርድ እየተነሳ የትልቁን ኮምፒውተር ሥራ የሚሠራ ነገር ነበር። ጥሩወርቅን ነገሩ እንቅልፍ ነሳት። ለራሷም አንድ አስመጥታ ቋንቋውን ተማረች። ቀዩ መብራት ኤሌክትሪክ መግባቱን ይነግራታል፤ አረንጓዴው ብልጭ ድርግም ካለ ካርዱ እየተነበበ ነው፤ ጭራሹን ካልበራ መጀመሪያ የምትጠረጥረው ካርዱን ነው። እየቆየ በከተማው እንዲህ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር ያስቸገረው ሰው ሁሉ ወደ እሷ ይላክ ጀመር።

መምህር ሙሉቀንም የመጣው እንደዚሁ ተልኮ ነው። ከጋፋት ወዲያ ባለ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምራል። ቦርዱንና አንድ ሃርድ ዲስክ በሹራብ ጠቅልሎ በባጃጅ አመጣቸው። ትምህርት ቤቱ ኢንተርኔት ስለሌለው ተማሪዎች መጽሐፍ የሚያነቡት ከዚህ ዲስክ ነበር። በዚያ ላይ፣ ልጆቹ በየመንደሩ እየዞሩ በድምፅ የቀዱት የሽማግሌዎች ወግ አለ፤ የድሮ የገብስ ዘር ስሞች፣ የመሬት አጠራር፣ የእርሻ ዘፈን። ችግሩ ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሩ ዲስኩን አላየሁም ብሎ መቆሙ ነበር።

ጥሩወርቅ ሱቋ ውስጥ ሰካችው፤ ያለ አንዳች ችግር ተነሳ። አጥፍታ አበራችው፤ አሁንም ተነሳ። ሙሉቀን ትንሽ አፍሮ ይዞት ሄደ። በማግስቱ ደውሎ እንደገና እምቢ እንዳለ ነገራት። መልሶ አመጣው፤ ሱቅ ውስጥ እንደገና ሠራ። ሌላ ሰው ቢሆን ይናደድ ነበር። እሷን ግን ደስ አላት፤ አንድ ዕቃ በሁለት ቦታ ሁለት ጠባይ ካለው ልዩነቱ ከዕቃው ሳይሆን ከቦታው ነው ማለት ነው። ዕቃውን ለመምህሩ መልሳ ራሷ ሄዳ ልታየው ወሰነች።

ጠዋት በባጃጅ እስከ ጋፋት ሄዳ፣ ከዚያ በገብስ ማሳው መካከል ባለችው የእግር መንገድ ወረደች። ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ነበር። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አባ ይሻው በሩን ከፍተው የመጣችበትን ሲሰሙ፣ ጥፋቱ የብርዱ እንደሆነ አስረዷት፤ በዚህ ውርጭ እንኳን ብረት እሳቸውም አይነሱም። ጥሩወርቅ አልሳቀችም። ዲስኩን ጋቢዋ ውስጥ አስገብታ ሙቀቷን እስኪጋራ ታቅፋው ተቀመጠች። ሲሞቅ ሰካችው። ስክሪኑ ዲስክ የለም አለ።

«ብርዱን ፍቱት አባ» አለች፤ «ንጹሕ ነው።»

ቀጥሎ የአባቷ ሞተር ትዝ አላትና ዲስኩ ሲነሳ ኤሌክትሪክ እያነሰው ይሆናል ብላ ጠረጠረች። ኬብሉን በአጭርና ወፍራም ቀየረችው፤ እንቢ አለ። ሱቅ ውስጥ የሠራችበትን፣ የራሱ ቻርጀር ያለውን የዩኤስቢ ማከፋፈያ ከቦርሳዋ አውጥታ ዲስኩን በእሱ አገናኘችው፤ አሁንም እንቢ አለ። ያው ቦርድ፣ ያው ዲስክ፣ ያው ማከፋፈያ። ጥሩወርቅ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ ኬብሎቹን አንድ በአንድ በዓይኗ ተከተለች።

ያን ጊዜ አጠገቧ ቆሞ ያይ የነበረው ሙሉቀን፣ ነገሩ እንዲያው አጋጣሚ መስሎት ሳይነግራት የቆየውን ነገራት። አጥፍቶ ወዲያው ሲያበራው አንዳንዴ ይሠራል።

«ወዲያው ስትል? ቆየት ብለህ ስታበራውስ?»

«እሱን አላስተዋልኩም፣ እትዬ።»

«እስኪ እናስተውል።»

ሁሉም ዕቃ የተሰካው በግድግዳው ላይ ባለ አንድ ማጥፊያ ስር ነበር። ሙሉቀን አጥፍቶ ወዲያው አበራ፤ ኮምፒውተሩ ተነሳ። አጥፍቶ ግቢውን ዞር ዞር ብለው ሲመለሱ አበራ፤ ዲስክ የለም አለ። ደጋግመው ሞከሩት፤ አንድም ጊዜ አላዛነፈም። ጥሩወርቅ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ዲስኩ ላይ አደረገችና እንዲያበራው በእጇ ምልክት ሰጠችው። ከውስጥ አንድ ነገር መሽከርከር ጀመረ፤ ቀስ እያለ ፈጠነ፣ ድምፁ እየቀጠነ ሄደ፤ ገና ሳይረጋ ቀና ብላ ስክሪኑን ብታይ የስህተቱ ጽሑፍ ቀድሞ ወጥቷል።

«ዲስኩማ አለ» አለች። «ሳይነቃ ጠርቶት፣ መልስ ሲያጣ የለም ብሎ ነው የሚሄደው።»

ሱቋ ውስጥ ማከፋፈያው ሁልጊዜ በርቶ ስለሚውል ዲስኩ ቦርዱን የሚጠብቀው ነቅቶ ነበር። እዚህ ግን ሁለቱም በአንድ ማጥፊያ እኩል ይቀሰቀሳሉ፤ ቦርዱ ደግሞ ፈጣን ነው። ወዲያው መልሰው ሲያበሩት ዲስኩ መሽከርከሩን ገና ስላላቆመ ለጥሪው ይደርሳል። ጥሩወርቅ ሚሞሪ ካርዱን በላፕቶፗ ከፍታ፣ አነሳሱን የሚያዝዘው መስመር ላይ «ትንሽ ጠብቅ» የሚል ትእዛዝ ጨመረች። ካርዱን መልሳ አበሩት። ጥቁሩ ስክሪን ለአፍታ ዝም አለ፤ ከዚያ መጻሕፍቱ ተዘረዘሩ።

ሙሉቀን ማመስገን ጀመረ። እሷ ግን አልሰማችውም፤ ዲስኩን እያየች ነበር።

«መምህር፣ ይህ ዕቃ አምናም በዚሁ ማጥፊያ ነበር የሚበራው?»

«አዎ።»

«አምና ለምን ሳይጠብቀው ይሠራ ነበር?»

እሷ ራሷም እርግጠኛ አልነበረችም፤ ግን ቦርዱ እንደ አምናው ከሆነ፣ የዘገየው ዲስኩ ነው። የሚዘገይ ሞተር ደግሞ እየደከመ ያለ ሞተር ነው። መጻሕፍቱ ሌላም ቦታ ይገኛሉ፤ የሽማግሌዎቹ ወግ ግን ከዚህ በቀር የትም እንደሌለ ሲነግራት ፊቷ ተለወጠ። ሳትቀዳው እንደማትሄድ ነገረችው። ልጆቹ ትምህርታቸውን እስኪጨርሱ አብራ ቆይታ፣ ድምፁን ሁሉ አንዱን ቅጂ በሙሉቀን ላፕቶፕ፣ ሌላውን በራሷ ላይ ጭና ወደ ከተማ ተመለሰች።

ዲስኩ እስከ መጋቢት አገለገለ። አንድ ቀን ሙሉቀን ደውሎ ከእንግዲህ እንደማይዞር፣ ቀጭ ቀጭ ብቻ እንደሚል ነገራት። ሁለቱም አልደነገጡም። በምትኩ የሚሽከረከር ነገር የሌለው ዲስክ ተገዝቶ፣ ወጉና መጻሕፍቱ ተጫኑበት። ጥሩወርቅ የሞተውን ለምና ወሰደችው። ምን እንዳደከመው ለማየት ከፈታችው በኋላ ግን ብቻዋን ልታየው አልፈለገችም፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዛው ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደች።

አባ ይሻው ከዲስኩ ሆድ የወጣውን የሚያብረቀርቅ ሳህን ጎንበስ ብለው አዩት። ልጆቹ ከቀዷቸው ሽማግሌዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ።

«የእኔ ድምፅ የቱ ጋ ነው ያለው?» አሏት።

«እዚሁ ላይ ነው አባ። በዓይን የማይታይ ማግኔት ሆኖ ተጽፏል።»

«ታዲያ ማግኔት ከሆነ ብረት አይስብም?»

ጥሩወርቅና ሙሉቀን ተያዩ። ሙሉቀን ከቤተ ሙከራው የብረት ብናኝ አምጥቶ ሳህኑ ላይ በስሱ ነሰነሰ። ሦስቱም ጎነበሱ። ምንም አልታየም፤ ብናኙ እንደወደቀ ቀረ። ጽሑፉ ከብናኙ ደቃቅነት በላይ ደቃቅ ስለሆነ ይሁን ወይስ ማግኔቱ ስለደከመ አልተስማሙም። አባ ይሻው በርጩማ አምጥተው በመካከላቸው ተቀመጡ፤ ሲከራከሩ ጋፋት ላይ የሚጠብቃት ባጃጅ ትቷት ሄደ።