ጣሳውን አትነቅንቁ

የኮልፌ ሰው አክስቴን የሚያነሳቸው በዳቦ ሙያቸው ነው። እኔ የማነሳው ቁጣቸውን ነው። ዱቄት ሲሰፈር ጣሳ የሚነቀንቅ ሰው ካዩ፣ መዳፋቸውን አፉ ላይ ጭነው «አትነቅንቅ! የሚጎድለው ከድሃ ቤት ነው!» ይሉ ነበር።

በጣሊያን ጊዜ የሰፈራችን ሴቶች ለወታደሮቹ ፎርኖ፣ ለዳቦ መጋገሪያው፣ ዱቄት እንዲያስገቡ ታዘው ነበር። ትእዛዙ በኪሎ፣ ስፍሩ በጣሳ፤ አንድ ጣሳ አንድ ኪሎ ነው ተባለ። ተቀባዩ ጣሊያን ግን ጣሳውን ይነቀንቅና፣ ዱቄቱ ዝቅ ሲል እንደገና ያስሞላዋል። እንዲህ የታጨቀ ጣሳ ከኪሎ በላይ ነው። አክስቴ «ሚዛኑ እኮ ከኋላህ ነው፤ ለምን አትመዝነውም?» ቢሉት በጥፊ አጮላቸው። ግራ ጆሯቸው ከዚያ ወዲህ አልሰማም።

ለተዝካራቸው ዳቦ ጎረቤት በጣሳ የሚያዋጣውን ዱቄት ስንሰፍር፣ የገዛ ልጃቸው ጣሳውን አንስቶ ነቀነቀው።

«ምን እያደረግክ ነው?» አልኩት።

«ብዙ እንዲይዝ ነዋ!»

ደሜ ፈላ። ጣሳውን ነጥቄ ዱቄቱን መልሼ ጆንያው ውስጥ ገለበጥኩት።

«እናትህ ጆሯቸውን ያጡት ለዚህ ነው?»

የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ አቀርቅረው ዱቄት መንፋታቸውን ቀጠሉ። በዚያ ቤት የሚቆጣ ሰው የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።