ስሟ ያልተጠየቀ እንግዳ

ዙሀይራን ሮቤ ውስጥ የማያውቃት የለም፤ የሚወዳት ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ እሷን ከሩቅ ሲያይ በሩን ይዘጋል። ተፈናቃይ በመጣ ቁጥር የሰው በር አንኳኩታ፣ ገብታ ተቀምጣ፣ እንግዳ አምጥቼልሃለሁ የምትል ሴት ናት። እሺ ካላሏት አትነሳም። እኔ ረዲ እባላለሁ፤ መኪናዬን ለዕርዳታ ድርጅቱ አከራይቼ እሷን የማዞር ሾፌር ነኝ። ከእሷ ጋር የተጨቃጨቅሁትን ያህል ከሚስቴ ጋር ተጨቃጭቄ ቢሆን እስካሁን ተፋተን ነበር።

ጎባ ውስጥ አስተማሪ ነበረች። ግጭቱና ድርቁ ከቆላው ሰው ማፍለስ ሲጀምር ጠመኔዋን አስቀምጣ ወደዚህ ሥራ ገባች። ድንኳን አትወድም። በባሌ ብርድ ሰው ሸራ ሥር ከሚያድር ሰው ቤት ተጣብቦ ቢያድር ይሻለዋል ትላለች። ስታከፋፍልም ለእንግዳው የሰጠችውን ዱቄትና ዘይት ለአስጠጊውም ትሰጣለች፤ ቅያሜ የሚጀምረው ከማጀት ነው ባይ ናት። እዚህ ላይ እውነቷን ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከአለቆቿ ጋር የሚያጣላት ሌላ ነገር ነበር። እኛ ዘንድ ኬሱማ፣ እንግዳ ማለት ነው፣ በልቶ ሞቆት እስኪያድር ድረስ ማን ነህ፣ ከየት መጣህ አይባልም። ነውር ነው። ዙሀይራም ከመኪና ገና በወረደ ሰው ፊት እስክሪብቶ መምዘዝ አይሆንላትም። መጀመሪያ ይሙቀው፣ ስሙ የትም አይሄድም ትላለች። አለቆቿ ይቆጧታል፤ እሷ በማግስቱ ቤት ለቤት ዞራ ትመዘግባለች።

ባለፈው ክረምት ከቆላ ከመጡት መካከል አፏን የማትከፍት አንዲት ወጣት ነበረች። ለጋ ናት፤ አገጯ ላይ ጠባሳ አላት፤ ጫማዋ የሁለት ሰው ነው። ዙሀይራ እጇን ይዛ መኪናዬ ላይ አወጣቻትና ወደ አዴ ጤቤ ቤት ንዳ አለችኝ። አዴ እትዬ እንደማለት ነው፤ እሳቸው ከዲንሾ አለፍ ብሎ፣ ከሜዳው ዳር ለብቻቸው የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። አንድ ልጃቸው ሀዋኒ ታማ ከሞተች ወዲህ ከሰው ርቀዋል። እኔ ይሄ ነገር አልጣመኝም ነበር፤ ዙሀይራ ግን አንዷ እናት የላት፣ አንዷ ልጅ የላት፣ ምን ቸገረህ አለችኝ። ልጅቱን አስገብተን ተመለስን። በማግስቱ መንገዱን ጎርፍ ቆረጠው፤ ጎርፉ ሲጎድል ሌላ ተፈናቃይ መጣ። የልጅቱ ስም ሳይጠየቅ ቀረ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ዲንሾ ሚኒባስ መቆሚያው ጋ ወሬ መስማት የጀመርኩት ክረምቱ ሳይወጣ ነው። የጤቤ ልጅ ተመለሰች ይላሉ። የሀዋኒን ቀሚስ ለብሳ፣ የሀዋኒን ነጠላ አጣፍታ፣ እንደ ሀዋኒ ግራ እግሯን ሳብ እያደረገች ገበያ ወጥታለች። ባለሱቁ ዕቃ ሲሰጣት እጇን እንዳይነካ ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ገፋላት አሉ። ሀዋኒን ያስታመመች ጎረቤትማ መንገድ ቀይራለች። እኔ ስቄ ነበር። ቀሚስና ነጠላ ሲያጡ የሚበደሩት ነገር ነው፤ አካሄድም ከእናትየው ማታ ማታ ሊሰማ ይችላል። የላሟን ነገር ሲነግሩኝ ግን ሳቄ ቆመ። ሀዋኒ ከሞተች በኋላ ቡሬ የምትባለው ላሟ ሞታለች፤ ልጅቱ ባዶው በረት በር ላይ ቆማ «ቡሬ፣ ቡሬ» እያለች ስትጣራ ብዙ ሰው ሰምቷታል።

ሞሚና የመጣችው ያን ሰሞን ነው። ከጊኒር ጀምራ ተፈናቃይ ያስጠጋውን ቤት ሁሉ እያንኳኳች ልጇን ሳቢሪንን ትፈልጋለች። አገጯ ላይ ጠባሳ አላት ስትል ዙሀይራ ከመቀመጫዋ ተነሳች።  የመኪናዬን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ሞሚናን ይዘን ከዲንሾ ስናልፍ ቀትር ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ጭጋጉ ግን አልተነሳም። መብራት አብርቼ ነው የነዳሁት። የኮሶ ዛፎቹ የዛፍ ሽበት እንደተሸከሙ ከመንገዱ ዳር ብቅ እያሉ ይጠፋሉ። አዴ ጤቤ አጥር ጋ አንድ የደጋ አጋዘን ቆሞ ነበር። ሞተር አጠፋሁ፣ በር ከፍቼ ዘጋሁ፤ ንቅንቅ አላለም። ወደ ቤቱ ነበር የሚያየው።

ልጅቱ ደጅ እንጨት ትፈልጣለች። ሞሚና እንዳየቻት እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ እሷ መሆኗን ለመጠየቅ እንኳ አላስፈለገንም። «ሳቢሪን» አለቻት። መጥረቢያው ወጣ፣ ወረደ። ደግማ ጠራቻት። መጥረቢያው ወጣ፣ ወረደ። ከዲንሾ በኩል ደግሞ አዛን ተሰማ፤ ያኔ ልጅቱ መጥረቢያውን አስቀምጣ፣ ነጠላዋን ወደ ፀጉሯ ሳብ አድርጋ፣ አዛኑ እስኪያልቅ ዝም ብላ ቆመች። ከዚያ መጥረቢያዋን አነሳች። ሀዋኒ ክርስቲያን፣ የማርያም ልጅ ነበረች፤ አዛን ሲሰማ የሚቆመው ማን እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል።

ኋላ ቀና ብላ አየችን። ክፉ ፊት አይደለም፤ ደግ ፊት ነው፣ ያስፈራኝም እሱ ነው። ሞሚናን ፊት ለፊት እያየች «ኮቱ ገሊ፣ እናቴ። ብርድ ላይ አይቁሙ፣ ይግቡ» አለቻት፤ ለማንም መንገደኛ እንደሚባለው። ሞሚና ልጄ፣ እኔ እኮ ነኝ ስትላት ልጅቱ በይሉኝታ ፈገግ አለች። «እኔ ሀዋኒ ነኝ። እናቴ ውስጥ አለች፣ ልጥራልዎት» አለችና ገባች። ግራ እግሯን ትስባለች።

አዴ ጤቤ ወጡ። ዙሀይራ እሳቸው ላይ ለመቆጣት ተዘጋጅታ ነበር፤ የሞተ ልጅ ስም ለሰው ልጅ ይሰጣል ወይ ልትላቸው። አሮጊቷ ግን ወደ አጥሩ ጥግ ሳብ አድርገዋት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ።

«እብድ አይደለሁም፣ ዙሀይራ። ልጄን ገንዤ የቀበርኳት እኔ ነኝ። ኬሱማ ናት ብዬ ስሟን አልጠየቅኋትም፤ አንቺም አልጠየቅሻትም። አንድ ጠዋት ራሷ ከአልጋው ተነስታ ሀርሜ፣ እናቴ ብላ ጠራችኝ። እኔ አቤት አልኩ፣ ሌላ ያደረግኩት የለም።» ከዚያ ጨመሩ፤ «ቡሬን ስትጣራ እኔም እፈራታለሁ። የላሟን ስም አልነገርኳትም።»

 ዙሀይራ፣ በእጇ ስንት ሰው ያስጠጋች ሴት፣ ያን ቀን የምትገባበት አጣች። ስሟን በማግስቱ መጥቼ ብጠይቃት ኖሮ ትል ጀመር፤ አዴ ጤቤ በማግስቱም አትነግርሽም ነበር አሏት።

ሞሚና ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ዙሀይራ ሄዳ አጠገቧ ቁጢጥ አለች። ሐኪም እናምጣ፣ ቀበሌ እንጥራ፣ እናት ነሽ መብትሽ ነው፣ ዛሬውኑ ይዘሻት መሄድ ትችያለሽ አለቻት። ሞሚና ከመኪናው ጀምሮ ያልነገረችንን ያን ጊዜ ነገረችን። ተኩሱ ሲጠጋ የጭነት መኪናው ላይ ወጥተው ነበር። የሞሚና እናት ቤት ቀርታለች። ሞሚና ሕፃን ስለያዘች ልጅቱን ተመልሰሽ አያትሽን አምጪ ብላ አወረደቻት። መኪናው አልጠበቀም።

«ሳቢሪን ብዬ ጠርቼ ነው ያወረድኳት» አለች። «ከኋላዬ ስትሮጥ እያየኋት ስሟን እየጠራሁ ነው የሄድኩት። በዚያ ስም እንዴት አቤት ትበለኝ?»

እኔ ዞር አልኩ። ሾፌር ብዙ ይሰማል፤ ያንን ግን ባልሰማሁት ይሻለኝ ነበር። አልቅሼአለሁ፣ አልደብቅም።

ዙሀይራ ታዲያ ምን ላድርግልሽ አለቻት። ሞሚና ቤቱን፣ በሩን፣ ባዶውን በረት ተራ በተራ አየች። ሕፃኑስ አላልናትም፤ ጀርባዋ ላይ ማዘያ አለመኖሩን ሁላችንም ከጠዋት ጀምሮ አይተናል።

«እኔም ተፈናቃይ ነኝ አይደል» አለች። «እዚሁ ቤት መድቢኝ። ስለ እኔም ዘመድ የላትም ብለሽ ጻፊ።»

ዙሀይራ ወደ አዴ ጤቤ ዞረች። አገር ያወቀውን ሐዘናቸውን ከአንዲት ሴት ጋር መካፈል ምን እንደሚያስከፍላቸው ፊታቸው ላይ ይታያል። የሚከለክሉበት ወግ ግን የላቸውም። ቤቱ ይበቃናል ብለው ሊያነጥፉላት ገቡ። ዙሀይራ እስክሪብቶዋን አወጣች። ወረቀቱን መኪናዬ አፍንጫ ላይ አስደግፋ፣ የተባለችውን ጻፈች።

አጋዘኑ መቼ እንደሄደ አላየሁም። ልጅቱ በጆግ የሞቀ ውሃ፣ በሌላ እጇ ሳፋ ይዛ ወጣች፤ ለእንግዳ እንደሚደረገው ጎንበስ ብላ ሞሚናን ታስታጥባት ጀመር። ሞሚና እጇን ዘርግታ የልጅቱን አገጭ ታያለች እንጂ አትታጠብም። ልጅቱም አልቸኮለችም፤ ጆጉ እስኪያልቅ አፈሰሰችላት። ሞሚና እጇን አልሰበሰበችም። ልጅቱ ውሃ ልትጨምር ወደ ቤት ገባች።