ፈተናውን ያለፍኩ ዕለት

ይህ የደረሰብኝ በጣሊያን ዘመን፣ ደብረ ታቦር ውስጥ ነው። በዚያ ጊዜ ያላየነው ክፉ ነገር አልነበረም። ይሄኛው ከውስጤ አልወጣ ያለኝ ግን የጎዳኝ የማምነው ሰው ስለሆነ ነው።

ጦርነቱ ሲጀመር ቤይሩት፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኬሚስትሪ ተማሪ ነበርኩ። ሁለተኛ ዓመቴን ሳልጨርስ አቋርጬ አገሬ ገባሁ። ከተማችን ውስጥ አንድ ጣሊያናዊ ኬሚስት የአካባቢውን ድንጋይና አፈር ይመረምር ነበር። በፈረንሳይኛ ስለተግባባን ረዳቱ አደረገኝ።

ጠላት መሆኑን አልረሳሁም። ግን መጽሐፉን ያውሰኛል፣ ያቋረጥኩትን ትምህርት ያስተምረኛል። ስፔክትሮስኮፕ የሚባል፣ የነበልባልን ብርሃን በየቀለሙ የሚለይ መሣሪያም ነበረው፤ እንዳሻኝ እንድሠራበት ፈቀደልኝ። "ሮም ልኬ አስመርቅሃለሁ" ይለኝ ነበር። አመንኩት።

አንድ ጧት በብልቃጥ ነጭ ዱቄት ሰጠኝ።

"ዛሬ ፈተና ነው። ምን እንደሆነ ንገረኝ።"

በሽቦ ጫፍ አንስቼ እሳት ውስጥ አስገባሁት። ነበልባሉ ሐምራዊ ሆነ። በመሣሪያው ሳየው በአንዱ ጫፍ ቀይ፣ በሌላው ሐምራዊ መስመር ወጣ፤ ፖታሲየም ነው። የጋለ ከሰል ላይ ብነሰንሰው ተንጣጣ።

"የባሩድ ጨው ነው" አልኩት።

"ጎበዝ! እዚህ አገር ከየት ይገኛል?"

እውቀቴን ላሳየው ቸኩዬ፣ "ከጋፋት ወዲያ፣ ፍየል ከሚያድርበት ዋሻ። አጎቴ አያ ተገኘ ከዚያ አፈር ነው የሚያወጡት" ብዬ ለፈለፍኩ። ባሩዱ ለአደን ይመስለኝ ነበር።

በማግስቱ ወታደሮች ዋሻውን ከበው አያ ተገኘን ለአርበኞች ባሩድ ሲቀምሙ ያዟቸው። ዱቄቱ ከአንድ የተማረከ አርበኛ ኮረጆ የተገኘ መሆኑን የነገረኝ አስተርጓሚው ነው።

እየሮጥኩ ኬሚስቱ ዘንድ ሄድኩ።

"ፈተና ነው አላሉኝም ነበር?"

ከሚጽፈው ቀና እንኳ አላለም። "ፈተና ነበር። አልፈሃል።"

አያ ተገኘ አልተመለሱም። ለባለቤታቸው ለእትዬ ትርንጎ፣ የተናገርኩት እኔ መሆኔን ሄጄ ነገርኳቸው። "ልጄ፣ ለሌላ ሰው እንዳትናገር። ዘመድ ደም ይቃባል። እኔ ማወቄ ይበቃል" አሉኝ።

ያን ሰው እስከዛሬ ይቅር አላልኩትም። ራሴንም እንዴት ይቅር እንደምል አላውቅበትም። እትዬ ትርንጎ ባለፈው ጾም አረፉ። ምስጢሬን የሚያውቅልኝ ሰው ሲጠፋ ነው ለመናገር የደፈርኩት።