የጋሽ ተሰማ ባሕር ዳር

ቅዳሜ ማለዳ፣ ቁስቋም

ቤቱን ሁለቴ ቆለፍኩ፤ ሁለቴም ተመልሼ ከፍቼ አየሁ። ብሩሾቹም ቀለሞቹም ቦርሳዬ ውስጥ አሉ። ያም ሆኖ አንድ ነገር የረሳሁ እየመሰለኝ ቁልቁለቱን ወረድኩ። የምሄደው ባሕር ዳር ነው፤ ጀልባ ልስል።

የላኩኝ ቀጨኔ ውስጥ የአናጢ ቤት ያላቸው ጋሽ ተሰማ ናቸው። ሸራ የምወጥርበትን ፍሬም ሁሉ የሚሠሩልኝ እርሳቸው ነበሩ። «ነበሩ» ያልኩት የዓይን ግፊት አንድ ዓይናቸውን አጥፍቶ ሁለተኛውንም እያጠበበባቸው ስለሆነ ነው። በቀደም መጋዛቸውን አስቀምጠው ወደኔ ዞሩ።

«አንድ የባሕር ዳር ሥዕል ሥሪልኝ፤ በዘይት ቀለም። ጀልባ ይኑረው» አሉኝ። «ግን ቶሎ በይ። ይቺም ዓይን ብዙ አትቆይም።»

ወታደር እንደነበሩ ከመስማቴ በቀር ስለ ድሮ ኑሯቸው የማውቀው የለም። ወጣትነታቸውን እዚያ አሳልፈው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ከስልክ ላይ አይቼ ልስለው እችል ነበር። የሚያዩት የመጨረሻ ሥዕል ቢሆንስ ብዬ ሳስብ ግን እጄ እምቢ አለኝ። በዚያ ላይ ድሮም አርፎ መቀመጥ አይሆንልኝም።

ቦሌ

ፍተሻው ላይ አኳራጄን ተቀማሁ። «ቀለም የማቀጥንበት ነው» ብዬ ብለምን ፈታሿ ጠርሙሱን አሽትታ ፊቷን አጨማደደች።

«እህቴ፣ ይሄ እኮ ይነዳል። እንዴት ይዘሽው ትበሪያለሽ?»

ልክ ናት። ቢሆንም አውሮፕላኑ እስኪነሳ ስቁነጠነጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ በረራ የምፈራ መስሏቸው ከረሜላ ሰጡኝ።

ባሕር ዳር

ባጃጅ ይዤ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ሐይቁ ሳይሆን ወደ ቀለም መሸጫዎቹ ነው። የቤት ቀለም የሚያቀጥኑበት አኳራጅ ተገኘ። ሽታው ራስ ያዞራል፣ ግን ይሠራል። የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ በቆምኩበት በላሁ። ዋጋውን ስሰማ አዲስ አበባ ያለሁ መሰለኝ።

ሐይቁ ዳር ደግሞ ቦታ መምረጥ አቃተኝ። ዘንባባው ሥር ዘረጋሁ፣ አነሳሁ፤ ድንጋዩ ላይ ዘረጋሁ፣ አነሳሁ። በመጨረሻ ማገዶ ጭኖ ከማዶ የመጣ አንድ ታንኳ ቀዛፊ አየሁና እርሱ አጠገብ ቀረሁ። ስሙ ይበልጣል ነው። ማገዶውን አራግፎ የደንገል ታንኳውን ከውሃው አወጣና ዛፍ ላይ አስደግፎ አቆመው።

«ምነው አወጣኸው? ልስለው እኮ ነበር!»

«ካልደረቀ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል። ያንቺስ ሥዕል መቼ ይደርቃል?»

«የዘይት ቀለም ነው፤ ሳምንትም አይበቃው።»

«እንግዲያ ታንኳዬ ይቀድምሻል» ብሎ ሳቀብኝ።

የጓደኛውን ታንኳ ለምኖ ውሃው ላይ አቆመልኝ። ጣና የዚያን ቀን ጸጥ ብሎ ነበር። ውሃውን ግራጫ፣ ታንኳውን ወርቅማ ቢጫ አድርጌ ያዝኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ተረጋግቶ የወጣልኝ ሥዕል የለም። ደስ አለኝ፤ ወዲያውም ጋሽ ተሰማ ዛሬ እንዴት አድረው ይሆን ብዬ ፈራሁ።

እሑድ፣ መልስ

እርጥብ ሥዕል የሚጓዝበት ሣጥን የለኝም። ፒዛ ቤት ገብቼ ባዶ ካርቶን ለመንኩ፤ ሸራዬ ልክክ ብሎ ገባ።

ኤርፖርት ላይ «ፒዛ ነው?» አለኝ ፈታሹ።

«ሐይቅ ነው» አልኩት። ከፍቶ አየና በሁለት እጁ ዘጋው።

ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ በረርኩ። ማንም እንዳይነካብኝ ቡናውንም ውሃውንም አልቀበልም አልኩ።

ቀጨኔ

ከቦሌ ቤቴ እንኳ ሳልደርስ ዳገቱን ወጣሁ። ጋሽ ተሰማ ሥዕሉን በር ላይ ወስደው፣ አንገታቸውን ዘመም አድርገው በደህናው ዓይናቸው ፈለጉት። ብዙ ቆዩ።

«ይሄ ምንድን ነው ልጄ?»

«ታንኳ ነው ጋሼ። ጣና ላይ።»

«ጣና? የባሕር ዳር ሥዕል አልኩሽ እንጂ ባሕር ዳር ሂጂ መቼ አልኩሽ?» በመዳፋቸው አየሩን ለሁለት ከፈሉት። «የባሕር። ዳር። የጨው ውሃው! እኔ እኮ ባሕር ኃይል ነበርኩ፤ አሰብ ነው የኖርኩት።»

ፊቴ ነደደ። ይህን ሁሉ አገር አቋርጬ ስሄድ፣ «የትኛው?» ብዬ ለመጠየቅ ያልበቃ ትዕግሥት! እንባዬ መጣ።

«ባሕር አይቼ አላውቅም ጋሼ።»

«እኔ አይቻለሁ። አንቺ እጅ አለሽ። ሌላ ምን ያስፈልጋል?»

ከግድግዳው ላይ ተወጥሮ የተቀመጠ ሸራ አወረዱልኝ። ቀለሜን እዚያው የእንጨት ፍቅፋቂው መሀል ዘረጋሁ።

«የጣናው ውሃሽ ተኝቷል» አሉ። «ባሕር እንዳንቺ ነው፤ አርፎ አይቀመጥም። ነጭ ጨምሪበት። አታስተኚው!»

እርሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እቀባለሁ። ስሳሳት ይቆጡኛል፤ ፊታቸውን ከሸራው ሊያጋጥሙት ምንም አይቀራቸውም። ጉዞሽ ምን አስተማረሽ ብትሉኝ፣ ሩቅ አገር ያለ የመሰለኝ ሥራ ሰፈሬ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኝ እንደነበር ነው።

ፀሐይዋ ከበሩ ላይ ስትሸሽ ጀልባዋን ጀመርኩ።

«ወደ ግራ... ትንሽ ዝቅ... እዚያ ጋ!» ብለው እጄን ያዙኝ። «እዚያ ላይ ነበርኩ።»