የብዕር ስም

ክፍሉ ድሮ የቡና መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የመታኝ የጆንያና የቡና ገለፈት ሽታ ነው፤ ቀጥሎ የሽንት ባልዲው። ስምንት ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። መስኮት የለም። ጣሪያው ሥር ካለች አንዲት የብሎኬት ቀዳዳ ብቻ ብርሃን ይገባል። ጠባቂዋ ከኋላዬ ገፋ አድርጋኝ ቆለፈች።

ከትምህርት ቤት የወሰዱኝ ረፋድ ላይ ነበር። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼን ድርሰት እያጻፍኩ ሳለ ሁለት ሲቪል የለበሱ ሰዎች ከርዕሰ መምህሩ ጋር በሩ ላይ ቆሙ። «ለአምስት ደቂቃ ትፈለጊያለሽ» አሉኝ። ጠመኔውን እንኳ ሳላስቀምጥ ተከተልኳቸው። አምስቱ ደቂቃ አርባ ሦስት ቀን ሆነ።

ወንጀሌ ንባብ ነበር። ሐረር የመጣሁት ከጎጃም ተመድቤ ነው። ጀጎል ውስጥ በተከራየኋት ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ስድስት ሰባት ሴቶች እንሰበሰብና በድሮ ዘመን የውጭ አገር ሴቶች የጻፏቸውን ረጃጅም ልቦለዶች እናነባለን። እኔ የደራሲዎቹን ሕይወት ከየመጽሐፉ መግቢያ እየለቀምኩ በአንድ ደብተር አሰፍር ነበር፤ የትኛዋ በወጥ ቤት ጠረጴዛ ጥግ እንደጻፈች፣ የየትኛዋን ሥራ ባሏ በራሱ ስም እንዳሳተመው፣ የትኛዋ እንዳትናቅ ብላ ሽፋኑ ላይ የወንድ ስም እንዳስጻፈች። ቤቴ ሲፈተሽ ያንን ደብተር አገኙት።

መርማሪው ወጣት ነው። ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው። ደብተሩን ገልጦ ጣቱን አሳረፈበት።

«ይቺ ሴት ማን ናት?»

«ደራሲ ናት።»

«አጠገቧ የተጻፈው የወንድ ስምስ?»

«የብዕር ስሟ ነው።»

«የትግል ስሟ ማለትሽ ነው።»

«አይደለም። ሴት ናት ብለው እንዳይንቋት ነው የወንድ ስም የያዘችው።»

«አሁን የት ናት?»

«ሞታለች።»

«መቼ?»

«ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗታል።»

በጥፊ መታኝ። «እዚህ አይቀለድም» አለ፤ ከዚያ እስክሪብቶውን አነሣና ከስሟ ጎን አንድ ነገር ጻፈ። ከእኔ በኩል ተገልብጦ አነበብኩት። «ያልተያዘች» ይላል።

ዛሬ ይህን ስናገር ሰዎች ይስቃሉ። እኔ እስካሁን አልሳቅኩም። ያቺ ሴት በሕይወት ሳለች ስሟን ደብቃ ጻፈች፤ ከሞተች በኋላም አንድ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ሐረር ላይ ተቀምጦ ያሳድዳታል። ጉንጬ ከነደደው በላይ ያ ቃል አንገበገበኝ።

የእሱ ጉዳይ ግን ከሞቱት ጋር እንዳልነበረ ቶሎ ገባኝ። ከቅዳሜ አንባቢዎቹ አንዷ የኮሌጅ ተማሪ ነበረች። በወንድ ስም ፌስቡክ ላይ ትጽፍ ነበር፤ ከእርሻቸው ስለተነሡ ሴቶች፣ ጫት ተሸክመው ገበያ ስለሚወርዱ እናቶች። እኔ ከመያዜ በፊት ተሰውራ ነበር። እሷን ሲያጧት ምን እንዳደረጉ ያወቅኩት እዚያው ክፍል ውስጥ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ምሳ ሲገባ ለእኔ ያመጣልኝ ሰው አልነበረም። ጥግ የተቀመጡ፣ ስድሳን የተሻገሩ የሚመስሉ ረጅም ሴት ሳህናቸውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«ነይ ብዪ ልጄ። ማተብሽን አይቻለሁ፤ አትሥጊ፣ ዳቦና ድንች ነው፣ ሥጋ የለውም።»

ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። መምህርት መሆኔንና ጀጎል ውስጥ መኖሬን ስነግራቸው ዳቦው እጃቸው ላይ ቀረ።

«ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቷ የምትሄደው ያቺ መምህርት አንቺ ነሽ?»

የተሰወረችው ተማሪ እናት ነበሩ። ከሐኪም ተራራ ጀርባ የገበሬ ቤተሰብ ናቸው፤ አቦከር ሰፈር ጫት ይሸጣሉ። ልጅቷ እስክትመጣ ድረስ በእሷ ምትክ ተይዘው ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። ክስ የላቸውም። እናት መሆናቸው ብቻ ነው።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አሉኝ። «እዚህ ያለው ሁሉ ‹ልጅሽ ጻፈች፣ ጻፈች› ይለኛል። ምን እንደጻፈች ግን የሚነግረኝ የለም። ምን ነበር የጻፈችው?»

«ስለ እርስዎ ነው።»

«ስለ እኔ ምን የሚጻፍ አለ?»

ቤቴ ተቀምጣ ያነበበችልንን አስታወስኩ። «አንዱ እንዲህ ይጀምራል፤ ‹እናቴ የተሸከመችውን ጫት ሚዛኑ ያውቀዋል፤ እናቴን ግን የሚያውቃት የለም።›»

ዳቦውን ሳህኑ ላይ መለሱት። ሌሎቹ ሴቶችም ማኘካቸውን አቆሙ።

«ወላሂ፣ እንዲህ አለች?»

«አለች።»

«ታዲያ ስሟን ለምን ደበቀች?»

«ፈርታ ነው።»

«ለራሷ አትፈራም እሷ። ለእኔ ፈርታ ነው» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በዘጠነኛው ቀን ሁለታችንንም ጠሩን። መርማሪው እሳቸውን ውስጥ አስቀምጦ እኔን ኮሪደሩ ላይ አቆመኝና አንድ ወረቀት ሰጠኝ።

«ታምንሻለች። የዋስትና ወረቀት ነው ብለሽ አንብቢላትና ጣቷን ታሳርፍ። ዛሬውኑ ሁለታችሁም ቤታችሁ ትገባላችሁ።»

አነበብኩት። «ልጄ ከታጠቁ ሰዎች ትእዛዝ እየተቀበለች እንደምትጽፍ ዐውቃለሁ፣ ሲመጡም በዐይኔ አይቻለሁ» ይላል።

እውነቱን ለመናገር ወዲያው እምቢ አላልኩም። «ዛሬውኑ» የሚለው ቃል ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ። ውኃ፣ ሳሙና፣ የራሴ በር ቁልፍ ታየኝ። በዚያች ደቂቃ ራሴን ጠላሁት፤ እንዲህ እንድመኝ ያደረገኝን ሰው ደግሞ ከዚያ በላይ።

ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ የቀለሙ ሳጥን ተከፍቷል። «አንብቢላት» አለ።

አነበብኩላቸው። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው፣ እንደተጻፈው። ተማሪዎቼን ቃለ ጽሕፈት እንደማስጻፍ ቀስ ብዬ፣ አንድም ሳላስቀር። መርማሪው መሀል ላይ «በቃ!» ቢለኝም አላቆምኩም። ስጨርስ ወረቀቱን ከእጄ መንትፎ ወሰደና የእናትየውን አውራ ጣት ያዘ።

እሳቸው ጣታቸውን አጥፈው ጨበጡ። አልጮኹም።

«አንተ ልጅ» አሉት፣ «ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ ጣቴን አላሳርፍም። ሐራም ነው። ፊደል ባላውቅም ውሸት ዐውቃለሁ።»

ጣታቸውን ሊዘረጋ ታገለ። ያ ዕድሜ ልኩን ጫት ሲያስር የኖረ እጅ አልፈታ አለው። በመጨረሻ ወረቀቱ ላይ የቀረው የእሱ የራሱ በቀለም የተነካ ጣት አሻራ ነው። ቀደደው።

የከፈልነው ቀላል አልነበረም። እኔን ያን ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ አቆሙኝ። እሳቸውን ለሁለት ሳምንት ስንቅ ከለከሏቸው፤ ስምንታችን ከየድርሻችን እየቆረስን አበላናቸው። ከፀሐይ ስመለስ እጄን ያዙና «አብሽሪ» ብቻ አሉኝ። ስለዚያች ወረቀት ሁለታችንም ከዚያ በኋላ አላወራንም።

ስፈታ «ሂጂ» ነው የተባልኩት። ክስ አልነበረም፣ ፍርድ ቤት አልነበረም፣ «ተሳስተናል» ያለ ሰው አልነበረም። እሳቸው ከእኔ አሥር ቀን ዘግይተው ወጡ። ልጅቷ አልተመለሰችም። በሕይወት እንዳለች እናቷ ያውቃሉ፤ የት እንዳለች አይናገሩም፣ እኔም አልጠይቅም። እኔ ከክፍል ወጥቼ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወርኩ። ምክንያቱ በደብዳቤው ላይ «ለሥራው መቃናት» ይላል።

ሰዎች ይቅር በይ ይሉኛል። አልፏል፣ ለጤናሽ ስትይ እርሺው ይሉኛል። ይቅርታ የጠየቀኝ ሰው ግን የለም፤ ያልተጠየቀ ይቅርታ ለማን ይሰጣል? ቁጣዬ ሲነሣብኝ ድሮ አፍርበት ነበር። አሁን አላፍርም። የተሠራብን ነገር ልክ እንዳልነበረ የሚመሰክርልኝ ሌላ ሰነድ የለኝም።

ባለፈው ወር ከጀጎል ግንብ ውጭ ባለው አዲሱ ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት ለጉዳይ ሄጄ ሰልፍ ይዤ ቆሜያለሁ። ከፊት ያለው ሰው ዞር ሲል መርማሪው ነው። ትንሽ ወፍሯል። እንደ ድሮ ጎረቤት ፈገግ አለ።

«መምህርት! ደህና ነሽ? ኧረ ነይ፣ ከፊቴ ግቢ።»

ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንዲት ሴትዮ «እንዴት ያለ ጨዋ ነው፣ ግቢ እንጂ» አለችኝ።

«ተራዬን እጠብቃለሁ» አልኩ።

ፈገግታው ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረ። ጉዳዩን ጨርሶ ሲወጣ በአጠገቤ አለፈ፤ ቀና ብዬ አየሁት፤ እሱ አላየኝም። እኔ አንድ ሰዓት ያህል ቆምኩ። እግሬን አልደከመኝም።